ወንበሩ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቢሮ እንደገባሁ የደንበኞች መስመር ላይ የምትሠራው ልጅ አንድ ስልክ አቀበለችኝ። ደሴ ያለች ልጃቸውን ለመጠየቅ በስልካቸው፣ በእኛ በኩል የአውቶቡስ ትኬት የቆረጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ብሩ ሄዷል፤ ወንበሩ ግን የለም አሉኝ» አሉ። ከባንክ የደረሳቸውን መልእክት አነበቡልኝ፤ እውነትም ብሩ ከሒሳባቸው ተቀንሷል። የአውቶቡሱ ድርጅት ዝርዝር ላይ ወንበር 23 የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። «እማማ፣ ብሩ የትም አይሄድም፤ ዛሬውኑ እንዲመለስልዎ አደርጋለሁ» አልኳቸው። እሳቸው ግን ከብሩ ይልቅ የነገው ጉዞ ነበር የጨነቃቸው። ልጃቸው አራስ ናት።

ከሰዓት በኋላ ሎጉን መስመር በመስመር አየሁት። ወንበሩን የመረጡት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ነው፤ የአውቶቡሱ ድርጅት ሲስተም ለ10 ደቂቃ ያዘላቸው። ስም፣ ስልክ፣ የተጠሪ ስም ሲሞሉ ቆዩና «ክፈል» የሚለውን 2፡18፡50 ላይ ተጫኑ። ከባንኩ የፒን ጥያቄ መጣላቸው፣ አስገቡ፣ ባንኩ 2፡20፡12 ላይ ብሩን ቀነሰ። ወንበሩ ግን ልክ 2፡20፡00 ላይ ተለቅቆ ነበር። 2፡20፡05 ላይ ሌላ ተሳፋሪ ያዘው። እኛ «ተከፍሏልና ወንበሩን አጽድቁልን» ብለን የላክነው 2፡20፡14 ላይ ነው። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ተይዟል»።

የሚያንገበግበኝ ደንቡን የጣሰ አለመኖሩ ነው። የአውቶቡሱ ድርጅት ለ10 ደቂቃ እይዛለሁ ብሎ ለ10 ደቂቃ ያዘ። ባንኩ ፒኑ ሲገባለት ብሩን ቀነሰ። እኛም የባንኩ መልስ እንደደረሰን በሁለት ሰከንድ ውስጥ አስተላለፍን። እያንዳንዱ አገልግሎት ለብቻው ሲታይ ጤነኛ ነው። ሲያያዙ ግን አንዲት እናት ከፍለው ሜዳ ላይ ቀሩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ቀኑን ሙሉ ሰነድ ሳገላብጥ ዋልኩ። የባንኩ የኤፒአይ ሰነድ ወፍራም ነው። የሒሳብ ቁጥር ስንት አሃዝ እንዳለው፣ የብር መጠን በምን መልክ እንደሚላክ፣ እያንዳንዱ የስህተት ኮድ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ተጽፏል። መልሱ እስከ መቼ ድረስ እንደሚመጣ የሚናገር መስመር ግን የለበትም። የአውቶቡሱ ድርጅት ሰነድ ደግሞ «ወንበር ለጊዜው ይያዛል» ብሎ ያልፋል። 10 ደቂቃ የሚለውን ያገኘነው በቃል ጠይቀን ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ዌብ ሰርቪሶችን አያይዞ እንደ አንድ ሥራ ለማስኬድ ከወጡት ቋንቋዎች በጣም የታወቀው ቢፔል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ቢኢኤ አወጡት፤ በ2007 ኦኤሲስ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ሁለተኛውን ዕትም በደረጃነት አጸደቀው። ቢፔል ጊዜን ጨርሶ አልረሳም። «ይህን ያህል ቆይ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ የሚጠበቀው መልእክት እስከተባለው ሰዓት ካልደረሰ ሥራውን ወደ ሌላ መንገድ የሚወስድ ማንቂያም አለው። ነገር ግን ማንቂያ የሚያገለግለው የሚጠብቀውን ወገን ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደምጠብቅ ይነግረኛል እንጂ ሌላው ወገን በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ ቃል አያስገባልኝም። ሁለቱን እያምታታን ነው ዓመታት የሠራነው፤ በየቦታው «ታይምአውት 30 ሰከንድ» ብሎ መጻፍ የጊዜን ጉዳይ የጨረሰ ይመስለናል።

ታይምአውት ሲደርስ የምናውቀው ነገር ቢኖር መልስ አለመምጣቱን ነው። ብሩ ይቀነስ አይቀነስ አናውቅም። ብዙ ፕሮግራም ላይ ግን ታይምአውት «አልተሳካም» ተብሎ ይተረጎማል፤ ተሳፋሪውም «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ይደርሰዋል። ይህን ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሜ ማስወገድ እፈልጋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አብራኝ ከምትሠራው መሐንዲስ ጋር የአውቶቡሱ ድርጅት ቢሮ ሄድን። የትኬት ክፍሉ ኃላፊ ዕድሜያቸውን በትራንስፖርት ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሁላችንም እንደምናስበው «ጋሼ፣ 10 ደቂቃውን 20 ብታደርጉት ችግሩ አይቀልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ዱሮ 30 ደቂቃ ነበር። በበዓል ሰሞን ደላላው አሥር ስልክ ይዞ ይቀመጥና ወንበሩን ሁሉ ይይዘዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ መልሶ ይይዘዋል። መንገደኛው መጥቶ ሙሉ ነው ሲባል፣ ደላላው ውጭ ላይ በእጥፍ ይሸጥለታል። 10 ያደረግነው ለዚያ ነው።»

ይህን ከማንም ሰነድ ላይ አላገኘውም ነበር። የጊዜ ገደብ ሁሉ ከኋላው አንድ ሰው ያየው ነገር አለ። ስለዚህ 600 ሰከንዱን አንነካውም፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ውስጥ መግባት አለበት ብለን ተነሣን።

ቢሮ ተመልሰን ገደቦቹን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርን። ወደ ምልክት ከመግባታችን በፊት ጋሼም፣ የባንኩ ሰዎችም አንብበው «አዎ፣ እንዲህ ነው» ወይም «አይደለም» እንዲሉን ነው። ወንበር ከተያዘበት እስከሚጸድቅበት ከ600 ሰከንድ አያልፍም። ባንኩ የክፍያ ጥያቄ ከደረሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ ወይ ይቀንሳል ወይ እምቢ ይላል፤ 90ው ካለፈ በኋላ ፈጽሞ አይቀንስም። የአውቶቡሱ ድርጅት ለማጽደቂያ ጥያቄ በ15 ሰከንድ ይመልሳል፤ ካልመለሰ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመን እንልካለን። ብር ከተቀነሰ ከዚያ በ5 ደቂቃ ውስጥ ተሳፋሪው ወይ ትኬት ወይ የተመላሽ ማረጋገጫ በእጁ ይገባል።

ዓረፍተ ነገሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይነታቸው የተለያየ መሆኑ ታየን። አንዳንዱ «ከዚህ አትለፍ» ይላል፣ አንዳንዱ «ከዚህ በፊት አትነሣ»፤ የባንኩ የቀን መዝጊያ ደግሞ ከሌሎቹ ክስተቶች ጋር ሳይያያዝ በግድግዳ ሰዓት የሚቆረጥ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ፈጽሞ አይቀንስም» የምትለዋ ናት። ባንኩ በ90 ሰከንድ ይመልሳል ማለትና ከ90 ሰከንድ በኋላ አይቀንስም ማለት ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች ናቸው። ሁለተኛው ከሌለ መቼም ቢሆን «አልተከፈለም» ማለት አይቻልም። የባንኩን ባለሙያ ደውዬ ጠየቅሁት፤ «90ው ልክ ነው፤ ሁለተኛውን አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቢሮው ባዶ ስለሆነ ለማሰብ ይመቻል። ዓረፍተ ነገሮቻችንን ወደ ሞዴል ለመቀየር የመረጥነው መንገድ ታይምድ አውቶማታ ነው። ራጂቭ አሉርና ዴቪድ ዲል ሐሳቡን በ1990 እ.ኤ.አ. አቀረቡት፤ ሙሉው ጽሑፍ በ1994 ወጣ። ክቦች አሉ፣ ክቦቹን የሚያገናኙ ቀስቶች አሉ፣ እኩል የሚሄዱ ሰዓቶች አሉ። ክቡ «ወንበር ተይዟል» ይላል፤ በውስጡ «ሰዓቱ ከ600 አይበልጥ» የሚል ገደብ ተጽፎበታል። ቀስቱ ላይ ደግሞ መቼ ማለፍ እንደሚቻልና ሲታለፍ የትኛው ሰዓት ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ይጻፋል። መሣሪያው ይኸው ነው።

የሚደንቀኝ ከዚህ የወጣው ውጤት ነው። በ530 እና በ531 ሰከንድ መካከል ማለቂያ የሌላቸው ቅጽበቶች አሉ፤ ሁሉን መሞከር አይቻልም። አሉርና ዲል ያሳዩት፣ ገደቦቹ በሙሉ ቁጥር እስከተጻፉ ድረስ ይህ ማለቂያ የሌለው የሰዓት ንባብ በቁጥር ለተወሰኑ ክልሎች እንደሚከፈል ነው። በሁለት ቅጽበቶች ላይ የሰዓቶቹ ሙሉ ቁጥር እኩል ከሆነ፣ የክፍልፋዮቻቸው ቅደም ተከተልም (ክፍልፋያቸው ዜሮ የሆኑትን ጨምሮ) አንድ ከሆነ፣ ለሞዴሉ ሁለቱ ቅጽበቶች አይለያዩም። ስለዚህ «በማንኛውም ቅጽበት» የሚለውን ጥያቄ ኮምፒውተር ጀምሮ ሊጨርሰው ይችላል። ሙከራ ይህን አይሰጥም። አንድ ሺህ ጊዜ ብትሞክር አንድ ሺህ አጋጣሚ ነው ያየኸው።

የምንጠቀመው ኡፓል የሚባለውን የሞዴል መመርመሪያ ፕሮግራም ነው፤ የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲና የዴንማርኩ ኦልቦር ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ ነው። ይህን ዓይነቱን ነገር ለዌብ ሰርቪስ ለማዋል የታሰበውም ዛሬ አይደለም፤ ካዝሃሚያኪን፣ ፓንዲያና ፒስቶሬ የቢፔልን ሥራዎች ሰዓት ወዳለው ሞዴል ቀይሮ ስለመመርመር በ2006 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ዘዴው ከእኛ ቢሮ ርቆ ነው የኖረው እንጂ ከተገኘ ቆይቷል።

ሦስት አውቶማታ ሳልን፦ ተሳፋሪውና እኛ፣ ባንኩ፣ የአውቶቡሱ ድርጅት። በመካከላቸው የሚሄዱት መልእክቶች እነሱን ያያይዟቸዋል። ጥያቄያችን ይህ ነበር፦ በየትኛውም መንገድ፣ በየትኛውም ቅጽበት፣ «ብር ተቀንሷል» እና «ወንበር ተለቅቋል» አብረው የሚሆኑበት ጊዜ እንደማይኖር አረጋግጥ።

ወዲያው አረንጓዴ መብራት ወጣ። ባልደረባዬ ስክሪኑን እያየች ዝም አለች፤ ከዚያ «አላመንኩትም» አለች። «ማክሰኞ የሆነውን በዓይናችን አይተነዋል። እንዴት አይሆንም ይለናል?» ጥሩ መሐንዲስ ናት፤ ደስ የሚያሰኝ መልስ ሲመጣ ይበልጥ ትጠራጠራለች።

ጉዳዩን ያገኘችው እሷ ናት። «ወንበር ተይዟል» ከሚለው ክብ፣ ክፍያ በመካሄድ ላይ እያለ የሚወጣበት ቀስት አልነበረም። ክቡ ሰዓቱን ከ600 አታሳልፍ ይላል፤ መውጫ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ውስጥ 600ኛው ሰከንድ ላይ ጊዜ ራሱ ይቆማል። ጊዜ በቆመበት ደግሞ ምንም ክፉ ነገር አይደርስም። መሣሪያው የመለሰልን ለዚያ ዓለም እንጂ ለእኛ ዓለም አልነበረም። ከእንግዲህ ማንኛውንም የደህንነት ጥያቄ ከመጠየቃችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ጊዜ የሚታገትበት ቦታ አለ ወይ? ተሳፋሪው ትኬቱን አግኝቶ የሚጨርስበት ቢያንስ አንድ መንገድ አለ ወይ? ቀስቱን ጨመርንበት። መብራቱ ቀይ ሆነ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ቀይ መብራት ሲወጣ ኡፓል «አይሆንም» ብሎ ብቻ አይተውህም፤ ጥፋቱ የሚደርስበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይዘረግፈዋል። የእናትዬዋ ታሪክ ነው የወጣው፤ ቁጥሩ ብቻ ትንሽ ይለያል። ክፍያው ዘግይቶ ይጀመራል፣ ባንኩ በተፈቀደለት ውስጥ ሆኖ ይቀንሳል፣ ወንበሩ ቀድሞ ይለቀቃል።

መፍትሔው የመቀነስ ስሌት ነው። ከ600 ላይ ለባንኩ 90 ስናነሣ 510 ይቀራል። ለማጽደቅና ለአንድ ድጋሚ 30 ስናነሣ 480። የሁለቱ ድርጅቶች ሰዓት ሊዛባ ስለሚችል 20 መጠባበቂያ አወጣን፤ 460። ስለዚህ ወንበር ከተያዘ 460ኛው ሰከንድ ካለፈ ክፍያ አይጀመርም። ለተሳፋሪው የሚታየው ቆጣሪ 7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይላል፤ ሲያልቅም ብሩን ሳንነካ «ወንበሩን እንደገና ይምረጡ» እንለዋለን። አንድ ሰው ከመክፈሉ በፊት ወንበሩን ቢያጣ ይበሳጭ ይሆናል። ከፍሎ ካጣው ግን ተበድሏል።

ይህ አልቆ ሌላ ቀይ ወጣ፣ ይህኛው ግን እኔ በምንም መንገድ አስቤ አላገኘውም ነበር። የአውቶቡሱ ድርጅት ወንበሩን ያጸድቃል፤ መልሱ መንገድ ላይ ይጠፋል። እኛ 15 ሰከንድ ጠብቀን ደግመን እንልካለን። እነሱ ዝርዝራቸውን አይተው «ይህ ወንበር ተይዟል» ይሉናል። የያዘው ያው የእኛ ተሳፋሪ ነው! እኛ ግን ሌላ ሰው ወሰደው ብለን ብሩን እንመልሳለን። ወንበሩ ተይዟል፣ ብሩ ተመልሷል፣ ትኬት የለም፤ አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ይዞ ይነሣል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር መስጠትና ሲደገም በዚያው ቁጥር መላክ ነው፤ ያኔ የአውቶቡሱ ድርጅት ድጋሚውን እንደ አዲስ ሳይቆጥር የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ጋሼ ሲሰሙ «ባለፈው ፋሲካ ባዶ ወንበር ይዘን የሄድነው ለዚህ ይሆን?» አሉ። ምናልባት።

ሌላው ቀይ ከ30 ሰከንዱ ታይምአውት የመጣ ነው። በ30ኛው ሰከንድ መልስ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ባንኩን «ይህ ክፍያ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ገና ወረፋ ላይ ስለሆነ ባንኩ «የለም» ይላል። ተሳፋሪው «አልተሳካም» ተብሎ ደግሞ ይከፍላል። ከዚያ ሁለቱም ይቀነሳሉ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው «ከዚህ በፊት አትነሣ» የሚለው ዓይነት ገደብ ነው፤ የመጨረሻ መልስ የሚባለው ከ95ኛው ሰከንድ በፊት አይጠየቅም። እስከዚያ ተሳፋሪው የሚያየው «ክፍያዎ በመጣራት ላይ ነው፣ ድጋሚ አይክፈሉ» የሚል ነው። ሰው እውነቱ ሲነገረው ይታገሣል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ባልደረባዬ ጥሩ ጥያቄ አነሣች። «460ውን የምንወስነው እኛ ነን። የባንኩን 90 ግን ባንኩ ነው የሚወስነው። ሞዴሉ ላይ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገን ለምን እንጽፋቸዋለን?»

ልክ ናት። ይህን ልዩነት ቲየሪ ቪዳልና ኤሌን ፋርዢዬ በ1999 እ.ኤ.አ. በደንብ አብራርተውታል። አንዳንዱ የጊዜ ርዝመት በእጃችን ነው፤ ሌላውን ተፈጥሮ ወይም ሌላ ሰው ነው የሚመርጠው፣ እኛ የምናውቀው ከሆነ በኋላ ነው። የማይጋጩ ገደቦች ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ሌላው ወገን በተፈቀደለት ውስጥ የፈለገውን ቢመርጥ፣ እኛ እስከዚያ ያየነውን ብቻ ይዘን ሁልጊዜ የምንወጣበት መንገድ አለ ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ባንኩ በ3 ሰከንድ ሲመልስ ሥራው ቢያልቅ ምንም አያረጋግጥም። በ90ኛውም፣ መልሱ ጠፍቶም መዳን አለብን።

ብዙ ስብሰባ ላይ «አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሰከንድ ይመጣል» ሲባል እሰማለሁ። አብዛኛው ጊዜ የሚጠቅመው ለማስታወቂያ ነው። ብር ያለበት ሥራ የሚመዘነው በመጨረሻው ሰከንድ ላይ በደረሰበት ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ዛሬ በሰዓት ጉዳይ ላይ ነው የዋልነው። ሞዴሉ ላይ ሰዓቶች ሁሉ እኩል ይሄዳሉ፤ ሰርቨር ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። የአውቶቡሱ ድርጅት ወንበር ሲይዝ «እስከ ስንት ሰዓት» የሚለውን ይልክልን ነበር። የእነሱ ሰርቨር ከእኛ ጥቂት ሰከንዶች ይቀድማል፤ 600 ብለን የምናስበው ለእኛ ከ600 ያነሰ ነው። አሁን «ስንት ሰከንድ ቀርቷል» የሚለውን እንዲልኩ ተስማማን። ቀሪ ጊዜ የሁለቱን ሰዓት መስማማት አይጠይቅም፤ መልእክቱ መንገድ ላይ የሚያጠፋው ብቻ ነው የሚያሳስበው፣ ለሱም መጠባበቂያው አለ።

ከዚህ የባሰው የእኛው አቆጣጠር ጉዳይ ነው። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ ይህ በሲስተሙ 05፡00 ነው። ትኬት ክፍሉ ውስጥ አንዳንዱ ሠራተኛ 11፡00 ብሎ ያስገባዋል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። «ከመነሻው 12 ሰዓት በፊት የተሰረዘ ትኬት ሙሉ ብሩ ይመለሳል» የሚለው ደንብ በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ይዛባል፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው ይመለስለታል። ዕለቱም እንዲሁ ነው። ሰዉ «ሐሙስ ሌሊት» ሲል ኮምፒውተሩ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ስለሚቀይር ዓርብ ብሎታል። ወር የሚሉ ውሎችም አሉ፤ «በአንድ ወር ውስጥ ሒሳብ ይወራረዳል» ሲባል 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ወር ናት አይደለችም? ለነሐሴ መጨረሻ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የወሰንነው፣ በሲስተሞች መካከል የሚሄደው ሁሉ በአንድ ዓለም አቀፍ አጻጻፍ፣ ከግሪኒች 3 ሰዓት መቅደማችን ተጽፎበት እንዲሄድ ነው። የእኛ ሰዓትና የእኛ ቀን ተሳፋሪው የሚያየው ትኬት ላይ ይጻፋል፤ «ከሌሊቱ» የሚለው ቃልም ተሟልቶ። ሠራተኞቹ የሚያስገቡበት ገጽም በአገራችን አቆጣጠር ይሁን፤ ለማሽኑ የሚቀይረው ማሽኑ ራሱ ነው። ሰው በለመደው ሰዓት ሲጽፍ ይሳሳታል ብዬ አልፈራም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ሞዴሉ አሁን አረንጓዴ ነው፣ ሁለቱን ቅድመ ጥያቄዎችም ያልፋል። ሁለት ተሳፋሪ ለአንድ ወንበር ሲሻሙም መርምረነዋል። ሦስተኛ ስንጨምር ማሽኑ በጣም ያዘግማል፤ ሰዓቶች ሲበዙ ክልሎቹ እጅግ በፍጥነት ይባዛሉ፣ ይህ የዘዴው የታወቀ ዋጋ ነው። በዚህ ደንብ ወንበር ሁልጊዜ በአንድ ሰው ብቻ ስለሚያዝ ሁለቱ ይበቁናል ብዬ አምናለሁ።

አረንጓዴው የሚለው ግን «ቁጥሮቹ እውነት ከሆኑ» ነው። የባንኩ 90 እውነት ስለመሆኑ ኡፓል ምንም አያውቅም። ስለዚህ የጻፍናቸውን ዓረፍተ ነገሮች ወደ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ቀየርናቸው። እያንዳንዱ ክፍያ ሲያልፍ ከጎኑ ሰዓት ይይዛል፤ ገደብ ከተጣሰ የተጣሰውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፎ ይልክልናል። «ባንኩ ከ90 ሰከንድ በኋላ ቀነሰ» የሚል መልእክት ከጥሬ ሎግ በእጅጉ ይሻላል፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ሳይተረጉም ያነበዋል፣ ባንኩም አንብቦ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

የቁልቢ ገብርኤል ዘንድሮ እሑድ ይውላል። የድሬዳዋ መስመር ከትናንት ጀምሮ ተጨናንቋል። አመሻሹ ላይ ተቆጣጣሪው የጠበቅሁትን መልእክት ላከ፤ ክፍያ ተጠይቆ ብሩ የተቀነሰው በ140ኛው ሰከንድ ነው። በ95ኛው ላይ ባንኩ «በሂደት ላይ» ስላለን ተሳፋሪውን «አልተሳካም» አላልነውም፤ የስረዛ ጥያቄ ልከን ወንበሩን ለቀቅን። ብሩ ዘግይቶ ሲቀነስ ተመላሹ በራሱ ተነሣ፤ የተመላሽ ማረጋገጫው በ5 ደቂቃው ውስጥ ስልኩ ላይ ደረሰ። ወጣቱ ደውሎ «ብሬ ተመልሷል፣ ሌላ አውቶቡስ ላይ ቆርጫለሁ» አለ። ወንበር ማጣቱ ያሳዝነኛል፤ ብሩ ያለበትን ግን በየደቂቃው ያውቅ ነበር።

የባንኩ ባለሙያ መዝገቡን ስልክለት ወዲያው ደወለ። «የእኛ 90 የሚቆጠረው ሰርቨሩ ጥያቄውን ከወረፋ ካነሣበት ነው። ወረፋ ላይ የቆየው አልተቆጠረም» አለ። እኛ የምንቆጥረው ከላክንበት ነው። «ጥያቄ ከደረሰው» ብለን የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «መድረስ» ማለት የትኛው ቅጽበት እንደሆነ አልተባለም ነበር። የገደብ መነሻው ክስተት ካልተሰየመ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። ባንኩ ወረፋ ላይ 90 ሰከንድ ያለፈውን ጥያቄ ሳይሠራ እንዲጥለው ተስማማን፤ ሰነዳቸው ላይ በጽሑፍ ይገባል፤ ቀኑን ቆርጦ ነግሮኛል።

የቀረን አንድ ጉዳይ አለ። የቁልቢ መንገደኛ ብቻውን አይሄድም፤ ቤተሰብ አምስት ወንበር እየመረጠ አንድ ጊዜ ይከፍላል። የመጀመሪያው ወንበርና አምስተኛው የተያዙት በተለያየ ደቂቃ ነው፤ ገጹ ላይ የሚታየው ቆጣሪ ግን የሚነሣው ከመጨረሻው ወንበር ነው። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ወንበር ሲያገኙ አያትየው ሊቀሩ ይችላሉ። ባልደረባዬ ሞዴሉ ላይ ማስገባት ጀምራለች። ቆጣሪው ከመጀመሪያው ወንበር እንዲነሣ ለማድረግ የአውቶቡሱ ድርጅት የእያንዳንዱን ወንበር ቀሪ ሰከንድ ለየብቻ ሊልክልን ይገባል። ነገ ጠዋት ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የገና ትኬት ከመከፈቱ በፊት ማለቅ አለበት።